የግራው ፔዳል

ቁንዶ የማይክራፎኑን ገመድ እየጠቀለለች ነበር፤ እትዬ እንዳስተማሯት አንዱን ዙር ወደ ውስጥ፣ አንዱን ዙር ወደ ውጭ፣ ሳይጠማዘዝ። ገመድ ክርኑ ላይ የሚጠቀልል ሰው ካዩ እትዬ አይምሩም። «ገመድም አንጀት አለው» ይላሉ።

የዕለቱ ቀረጻ አልቆ ሌሎቹ ወጥተዋል። ስቱዲዮው ከጎማ መጋዘን ጀርባ ያለ ክፍል ነው። ግድግዳውን አሮጌ ፍራሽና ምንጣፍ አልብሰውታል፤ ድምፁን በመጠኑ ያፍናል እንጂ የጎማው ሽታ እንዳይገባ የሚከለክል ፍራሽ የለም። የድምፅ ባለሙያዋ እትዬ ከመስታወቱ ማዶ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ ድራመሩ ቀኑን ሙሉ የመታውን መልሰው ያዳምጣሉ።

የድራሙ ወንበር ላይ የተተወው ማዳመጫ ያንሾካሹካል። ሳይዘጋ ቀርቷል ማለት ነው። ገመዱን በአንድ እጇ እንደያዘች ማዳመጫውን አነሳችና ወደ ጆሮዋ አስጠጋችው።

የራሷ ድምፅ ነበር። ጊታር የለ፣ ዋሽንት የለ፣ ድምፅዋ ብቻውን፣ ዕርቃኑን።

«አንተ የጨው ሐውልት፣ ዝናብ የረሳህ፣
እጅህን ስታነሳ ማን ክንድ አዋሰህ?
አፍህን የሰጠህ ለምሳ ብቻ ወይ?
ዝም ያለ ሰው ሁሉ ጨዋ ነው ወይ?»

ደሟ ከእግሯ ጥፍር ተነስቶ ፊቷ ላይ ወጣ።

«እትዬ! ይሄ ነገር እዚህ ምን ይሠራል?»

እትዬ በመስታወቱ አዩዋት። «የትኛው ነገር?»

«ድምፄ ነዋ! እሱ ሲመታ የሰው ድምፅ መስማት አይወድም አላሉኝም?»

«ዱሮ አይወድም። አሁን ግን ‹ሌላውን ሁሉ ይዝጉልኝ፣ የሷን ብቻ ይተዉልኝ› አለኝ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ሳምንቱን ሙሉ።»

ሳምንቱን ሙሉ። አይሰማኝም ብላ የሰደበችው ሰው፣ ስድቧን ጆሮው ላይ ደፍቶ፣ ቀን በቀን ሲመታ ከርሟል።

ገመዱ ከእጇ ወደቀ።

*

ለባንዱ ስም ያወጣለት የሰፈሩ ሰው ነው። ጎማ ሊገዛ የመጣ ሁሉ ከግድግዳው ጀርባ የሚንጎዳጎደውን ሰምቶ «እዚያ ውስጥ ብረታ ብረት ቤት ተከፍቷል እንዴ?» ይል ነበር። እነሱም ሌላ ስም ፍለጋ ሳይደክሙ «ብረታ ብረት» ተባሉ። የድሮ ሰው ያንጎራጎረውን ዜማ ወስደው ኤሌክትሪክ ጊታር ያለብሱታል፣ ድራም ያስጋልቡታል፣ ዋሽንቱን ከላይ ያሰማሩበታል። ለአንዳንዱ ጆሮ ጦርነት ነው፤ ለእነሱ ግን ዜማው ቁጣውን ያገኘበት ነበር።

ጊታሩ የታላቅ ወንድሟ ነው፤ ባንዱም የሱ ነው፣ ቢያንስ እሱ እንደዚያ ያስባል። ቤዝ ተጫዋቹ፣ ወንድሟ ያለውን ሁሉ የሚደግም ሰው ነው። ዋሽንት ነፊው ሲተነፍስም ሲቀልድም አያርፍም። እሷ ዘፋኟ ናት፤ ትንሽና የምታቃጥል ስለሆነች «ቁንዶ» ይሏታል፣ ቁንዶ በርበሬን አስበው። ድራመሩ ደግሞ «ጭምቱ» ነው። ከሰላምታ ውጭ ያለውን ሁሉ በእግሩና በእጁ ነው የሚናገረው።

ጭምቱን ያመጣችው ልብስ ሰፊዋ እናቷ ናት፤ ወይም የእናቷ መኪና። በእግር የሚረገጥ፣ ከባድ የብረት ስፌት መኪና ነው። አንድ ቀን አንድ ወጣት መስታወት ቆራጭ ጫፉ ያለቀ ሱሪ ይዞ መጣ። እናቷ መኪናውን ስትረግጥ፣ ወጣቱ ጠረጴዛውን በጣቶቹ መታ መታ ያደርጋል።

«አቁም» አለችው ቁንዶ፣ ቁልፍ እየተከለች። «ያደናግራል።»

«እኔ አይደለሁም» አለ፣ ጆሮው ቀልቶ። «መኪናው ነው የሚመታው። እኔ እየተከተልኩ ነው።»

በዚያው ቀረ፤ ብዙም ሳይቆይ የባንዱ ድራመር ሆነ። ከልምምድ ሲወጡ ቤቷ ድረስ ይሸኛታል፤ የድራም ዱላዎቹን ቦርሳ እሷ ትይዝለታለች። ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አላለም፤ እነሱም አላሉም። አንዳንድ ነገር ሳይባል ሲቆይ እንደ ሊጥ ኩፍ ይላል፣ አንዳንዱ ግን ይሻግታል። የነሱ የትኛው እንደሆነ ገና አልለየም ነበር።

ለአልበሙ ከተዘጋጁት ዘፈኖች ውስጥ የሷ የግሏ አንድ ነበር፤ «መርፌ» ይባላል። እናቷ ስትሰፋ የምታንጎራጉረው ዜማ ነው፤ ቀስ ብሎ በዋሽንት ይጀምርና መኪናው፣ ማለትም ድራሙ፣ ሲነሳ አብሮ ይነሳል። ከዚያ እስከ መጨረሻ የድራመሩ ሁለት እግሮች በሁለት ፔዳል፣ ቀኝ ግራ ቀኝ ግራ፣ እንደ መርፌ ሳያርፉ ትልቁን ከበሮ ይወጉታል። ከአልበሙ ሁሉ ፈጣኑ እሱ ነው። እናቷ አንድም ዘፈናቸውን እስከ መጨረሻ ሰምታ አታውቅም፤ «ራሴን ያመኛል» ትላለች። ይሄንን ግን ቁንዶ ለሷ ብላ ነው የሠራችው። ይሄንን ትሰማለች።

ቀረጻው ሊጀመር ሲል ወንድሟ «ጊዜ አይበቃንም፣ አንድ ዘፈን ይውጣ፣ ‹መርፌ› ይውጣ» አለ። ድምፅ ተሰጠ። ወንድሟና ቤዙ ይውጣ አሉ። እሷና ዋሽንት ነፊው ይግባ። ጭምቱ ቀረ። ወለሉን እያየ፣ ቀስ ብሎ፣ ይውጣ ከሚሉት ጋር እጁን አነሳ።

ምክንያት አልሰጠም። «ፈጣን ነው» አለ፣ በቃ።

በማግስቱ መሪ ድምፅ ልትሰጥ ማይክራፎን ፊት ቆመች። አልበም ሲቀረጽ ሁሉም በአንዴ አይጫወትም፤ ድራም ለብቻ፣ ጊታር ለብቻ፣ ዘፈን በመጨረሻ። ስለዚህ ዘፋኟ አስቀድማ እንደነገሩ ትዘፍናለች፣ ሌሎቹ እሱን እየሰሙ መንገዳቸውን ያገኛሉ፣ ሲያልቅ ይደመሰሳል። ልብስ ሰፊ በእጅ እንደሚጥለው ጊዜያዊ ስፌት ነው፤ ዋናው ሲሰፋ ይተረተራል። ቁንዶም ግጥሙ ባላለቀበት ሁሉ አፏ ላይ የመጣላትን አስገባች። አፏ ላይ የመጣው ደግሞ እሱ ብቻ ነበር።

*

በሩ ተከፈተና ጭምቱ ተመለሰ። የዱላ ቦርሳውን ረስቷል፤ ድሮ የምትይዝለት እሷ ነበረች። ማዳመጫውን እጇ ላይ ሲያይ ቆመ።

«ሰምተኸዋል» አለችው።

«አዎ።»

«ሁሉንም?»

«‹የጨው ሐውልት› ጥሩ ነበር። ‹የተበሳ ከበሮ› ያልሺውን ግን ሁለት ቦታ ደግመሽዋል።»

«ታሾፋለህ?»

«አላሾፍም። ቆጥሬ ነው።»

«አንተ ሰው ነህ ግን? ይሄን ሁሉ ስሰድብህ አንድ ቀን እንኳ ዞር ብለህ ‹አንቺ፣ አፍሽን ያዢ› አትለኝም? ግድግዳ እንኳ ሲጮሁበት ይመልሳል!»

«ምን ልበልሽ?»

«ለምን እንዳስወጣኸው!»

ጭምቱ ቦርሳውን አነሳ። «ፈጣን ነው አልኩሽ።»

«ለማን? ላንተ? ሰው አገር አቋርጦ የሚመጣው የአንተን እግር ሊሰማ ነው! ለወንድሜ ማጎብደድ ፈልገህ ከሆነ እንደዚያ በለኝ።»

ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ነገር ሊወጣ ነው ስትል መልሶ ዋጠው። ዞሮ ወጣ። በደረጃው ላይ አንዱን እግሩን እየጎተተ፣ ተራ በተራ፣ እንደ ባለሥልጣን ረገጥ ረገጥ እያደረገ ወረደ።

ደጅ ላይ ሲጋራውን የሚያጨሰውን ዋሽንት ነፊ ጠራችው። «ኩራቱን እየው! አረማመዱን እየው!»

ዋሽንት ነፊው አየና ጭሱን ተፋ። «እኔ እንኳ ያመመው መስሎኝ ነበር» አለ።

«አሞት ቢሆን ደግ ነበር!» አለች።

*

ቤታቸው ከእናቷ ልብስ ስፌት ጀርባ ነው። ስትገባ እናቷ መኪናው ላይ ጎንበስ ብላለች፤ ልጇን ስታይ የምትሰፋውን ነገር ከጭኗ ሥር ሸጎጠች።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ላስቲክ።»

«የምን ላስቲክ?»

«የሥራ።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው የሥራ ዕቃ ላይ የምትቀመጪው?» ጎትታ አወጣችው። ሰፊ ነጭ ላስቲክ ነው፣ እንደ ካልሲ ተጠቅልሎ የተሰፋ፣ ተረከዙ ክፍት፤ ለቁርጭምጭሚት። ከላይ የለበሰው ጥቁር ጨርቅ ግን ያወቀችው ጨርቅ ነበር፤ ለባንዱ ልብስ ራሷ የመረጠችው።

«እማ። የማን እግር ነው ይሄ?»

«ላንቺ እንዳልነግር ምያለሁ።»

«የጭምቱ ነው!»

«አየሽ፣ እኔ አልተናገርኩም። አንቺ ነሽ የተናገርሽው።»

«ምን ሆኖ ነው?»

እናቷ መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጠረገች፤ ንጹሕ ነበር። ቀና ብላ መኪናውን አየች እንጂ ልጇን አላየችም። ቁንዶም መኪናውን አየች።

ሱቁን ከምድር ቤት ወደዚህ ያዛወሩ ቀን ነበር። መኪናውን በደረጃ ያወጡት ጭምቱና ቁንዶ ናቸው፤ እሱ ከታች ደግፎ፣ እሷ ከላይ ይዛ። ስልኳ ጮኸ። ወንድሟ ነበር፤ እናም አንድ እጇን ለቀቀች። ለቅጽበት ነው። መኪናው ተንሸራቶ ወርዶ እግሩ ላይ አረፈ። «ጫማዬን ነው የመታው» አለ ወዲያው፣ ፊቱ እንደ ኖራ ነጥቶ። «ጫማው ይካስ» አለች እናቷ። ሦስቱም ሳቁ። ቁንዶ ሳቋን አስታወሰችው፤ ረጅም ሳቅ ነበር።

«ጅማቱ ነው» አለች እናቷ። «ሐኪሙ ለጊዜው ፔዳል የሚባል ነገር እንዳትረግጥ ብሎታል። ሌላውን ዘፈን ግራውን እያሳረፈ ይወጣዋል። ያንቺ ነው እረፍት የሌለው።»

«አንቺ ታውቂ ነበር።»

«ላስቲኩን ማን ይስፋለት ታዲያ? መስታወቱ?»

«ዝም ብለሽ አየሽኝ! ቀን በቀን ስሰድበው እየሰማሽ!»

«ልጄ፣ ‹ከሰማች መኪናውን ባየች ቁጥር ታለቅሳለች› አለኝ። መኪናው እንጀራችን ነው። ምን ላድርግ?»

ማልቀስ ነበረባት ይሆናል። እንባ ግን አልመጣም። የመጣው ሌላ ነው፤ ከስር የሚነሳ፣ ጥርስ የሚያጋጥም፣ ይቅርታ ሊጠይቅ የሚገባው ሰው ከቶ ሊኖረው የማይገባ ንዴት። ላስቲኩን ኪሷ ከተተችና ወጣች።

*

መስታወት ቤቱ ውስጥ ጭምቱ ብቻውን ነበር። ትልቅ መስታወት ጠረጴዛ ላይ አስተኝቶ፣ ማስመሪያ ደግፎ፣ መቁረጫውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይስብበታል። ቀጭን ጭረት ብቻ ነው የሚተወው። ግድግዳው ሁሉ መስታወት ስለሆነ ስትገባ አንዲት የተቆጣች ትንሽ ሴት ከየአቅጣጫው አብራት ገባች።

«ጫማህን አውልቅ» አለችው።

«ምን?»

«የግራውን። አውልቅ ነው የምልህ!»

«ቁንዶ፣ እዚህ ስብርባሪ አለ...» ላስቲኩን እጇ ላይ አየ። መቁረጫውን አስቀመጠ። «እማማ ነገሩሽ።»

«እሷ አፏን አልከፈተችም። እንዳንተው ናት። ሁለታችሁ ብትጋቡ እንዴት ያለ ጸጥ ያለ ቤት ይወጣችሁ ነበር!»

ፈገግ ሊል ሲል ፊቷን አይቶ ተወው።

«ለእኔ ብለህ ነው፣ አይደል?» አለች። ድምፅዋ ዝቅ ብሏል፤ ሲዘቅጥ ነው የሚያስፈራው። «ቁንዶ እንዳታዝን። ቁንዶ እንዳይጸጽታት። እኔ ስሰድብ የከረምኩት እኮ የሌለ ሰውዬ ነው። ፈሪ፣ አጎብዳጅ፣ ከዳተኛ። እሱን አንተ ነህ ሠርተህ የሰጠኸኝ። ለእኔ ብለህ እኔን ክፉ አደረግኸኝ! አንተ ቅዱስ ሆነህ ስትመታ፣ እኔ አፌ የተበላሸ...» ትንፋሽ አጠራት። «መኪናውን የለቀቅኩት ሳላውቅ ነው። አንተ ግን እኔን የለቀቅኸኝ እያወቅህ ነው።»

ጭምቱ መዳፉን ጭረቱ አጠገብ አሳረፈ።

«ልክ ነሽ» አለ።

«ልክ ነሽ አትበለኝ! ተጣላኝ!»

«ምን ልበልሽ ታዲያ?»

«የተናደድክበትን! የለህም? አንድም ነገር የለህም?»

«አለኝ!»

ድምፁ መስታወቶቹን አስጮኻቸው። ከዚያን ቀን በፊት ሲጮህ ሰምታው አታውቅም፤ እሱም ራሱን ሰምቶ የሚያውቅ አይመስልም።

«አለኝ! እጄን ያነሳሁ ቀን፣ የማውቀው ሰው ያልሆነውን ሲሆን ‹ምን ሆነህ ነው?› ይባላል። አንድ ቃል ነው! አንድ ጊዜ ብትጠይቂኝ እነግርሽ ነበር፤ ምዬም ቢሆን እነግርሽ ነበር። ጠበቅኩሽ። ‹ዛሬ ትጠይቀኛለች› እያልኩ ማዳመጫውን አደርጋለሁ፣ ‹የተበሳ ከበሮ!› ደረጃውን እያነከስኩ ስወርድ ‹ኩራቱን እየው› አልሽ። እግሬ ነው እንጂ ጆሮዬ አልተጎዳም!»

የተቆጡት ትንንሽ ሴቶች በየግድግዳው ላይ ዓይናቸውን መሬት ጣሉ።

ያኔ ጠረጴዛው ላይ ቀጭን ድምፅ ተሰማ። እጁን ሳያውቅ ተጭኖ ኖሮ መስታወቱ በጭረቱ ላይ፣ ዝንፍ ሳይል፣ ለሁለት ተከፈለ።

ሁለቱም አዩት።

«አየሽ» አለ፣ ትንፋሹ ገና ሳይረጋ። «ሲጮሁበት ቀጥ ብሎ ይቆረጣል።»

ልትስቅ አልፈለገችም። ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ለምን የኔን ድምፅ ብቻ ተዉልኝ አልካቸው? እትዬን።»

ጆሮው ቀላ። «ስድብም ቢሆን... ለእኔ ነው የተባለው።»

ላስቲኩን በጣቶቿ ስትዘረጋው፣ ስትለቀው፣ ስትዘረጋው ቆየች፤ ከእጇ ጋር የግራ እግሯም ወለሉን ይመታ ነበር፣ ቁጭ ባለች ቁጥር ከልጅነቷ ጀምሮ እንደሚያደርገው። እናቷ ልብስ ስትለካ መኪናውን ትረግጥላት የነበረችው እሷ ናት። ጭምቱ እግሯን እያየ ነበር። እሷም እግሯን አየች።

ቀና አሉ፣ እኩል።

«አይሆንም» አለ።

«ለምን አይሆንም?»

*

«አልበም ነው ወይስ ሰርከስ?» አለ ወንድሟ።

አምስቱም ስቱዲዮው ውስጥ ቆመዋል። ቁንዶ ነገሩን ሁሉ ተናግራለች፤ መኪናውን፣ ደረጃውን፣ ስልኩን። የደወለው ማን እንደነበር ስትናገር ወንድሟ አንገቱን አከከ፣ ግን ወዲያው ወደ ክርክሩ ተመለሰ።

«አንቺ ግራውን፣ እሱ ቀኙን? በአንድ ከበሮ ላይ? እግሩ ካመመው ኮምፒውተሩ ይምታው። ቁጭ ብዬ በአንድ ሻይ ልጨርሰው እችላለሁ።»

ቁንዶ የድራሙን ሣጥን በእግሯ ገፋችው። ክዳኑ ላይ ባንዱ የተመሠረተ ቀን ራሷ በነጭ ቀለም የጻፈችው አለ፤ «የማይደክም አይግባ።» ደንባቸው ነው። ሰው ያልነፋው፣ ሰው ያልመታው፣ ላብ የሌለው ድምፅ አልበማቸው ውስጥ አይገባም።

«ደንቡን ያወጣሽው አንቺ ነሽ፤ አንቺው ሻሪው።»

«ያወጣሁት እኔ ስለሆንኩ ነው የማልሽረው። ይሄ ደንብ ነው አፉን የዘጋው። ‹መምታት አልቻልኩም› ቢል ኮምፒውተር ልትሉት ነው፣ ኮምፒውተር ካለ እኔ ልጮህበት ነው። መውጫ አልተውንለትም።»

«እኔ በበኩሌ» አለ ዋሽንት ነፊው «ሁለት የተጣላ ሰው በአንድ ፔዳል ማየት ናፍቆኛል። ለዚህ እንኳ ይግባ።»

«ድምፅ እንስጥ» አለ ቤዙ፣ ወደ ወንድሟ እያየ።

«እሺ፣ ‹መርፌ› ይግባ የሚል...»

ወንድሟ ሳይጨርስ የጭምቱ እጅ ከፍ ብሏል። ክንዱን ከማንም አልተዋሰም።

ወንድሟ እጁን አየው። «አንድ ከሰዓት እሰጣችኋለሁ» አለ። «የመጨረሻውን ቀን። ካልሆነ ይወጣል፣ ዳግም አላወራበትም።»

እስከዚያ ልምምዱ እናቷ ሱቅ ውስጥ ሆነ። ክሩን ከመኪናው አወጡት፤ እሷ ፔዳሉን ትረግጣለች፣ እሱ አጠገቧ ተቀምጦ በቀኙ ጣውላ ይመታል። እናቷ ካናቲራ እየጠቀመች ከንፈሯን ትመጥጣለች። «መኪናዬን ልታፈርሱት ነው። ደግሞ መጠቃቀሱን ትታችሁ ሥሩ።» ማታ ማታ ቁንዶ ታፋዋ እየተንቀጠቀጠ ነበር የምትተኛው። ሕልሟም ቀኝ ግራ ቀኝ ግራ ይላል።

*

በመጨረሻው ከሰዓት እትዬ ሁለት ማዳመጫ ሰጧቸው። እሱ ወንበሩ ላይ፣ እሷ በግራው በኩል በርጩማ ላይ፤ ላስቲኩን ያጠለቀው እግሩ ወደ ኋላ ታጥፏል፣ በሱ ቦታ የሷ እግር ፔዳሉ ላይ አርፏል። ጉልበታቸው ይነካካል። እጆቹ ለላይኞቹ ከበሮዎች ነጻ ናቸው።

ጀመሩ። ከመግቢያው ሳያልፉ ተበተኑ።

«ፈጠንሽ።»

«አንተ ነህ የተኛኸው።»

እንደገና። ተበተኑ። እንደገና። በዋሽንቱ ሥር ጥቂት ሄዱና እግሯ ተያዘ። ወንድሟ ከመስታወቱ ማዶ እጁን አጣጥፎ ግድግዳውን ተደግፏል። ፊቱን ማንበብ አያስፈልግም ነበር።

«ቀኝህን እየሰማሁ እንዴት ልቅደምህ? አንተ ነህ የምትጎትተኝ!»

«አትስሚኝ! ከእኔ ጋር ሁኚ እንጂ አትከተይኝ!»

«ልዩነቱ ምንድን ነው?»

«ልጆች» አሉ እትዬ በማጉያው «መጣላቱን ተጣሉ። ግን ምቱ ላይ ተጣሉ።»

ጭምቱ ዱላዎቹን አስቀመጠ። ወደ መስታወቱ ዞሮ ለእትዬ አንገቱን ነቀነቀ፤ ጆሮው ደም መስሏል። እትዬ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ።

«ጠዋት ቀድሞ መጥቶ አንድ ነገር አስቀርጾኛል» አሉ። «መሪ ድምፁን ልቀይርላችሁ።»

ቁንዶ ማዳመጫውን አጠበቀች። ዋሽንቱ ገባ፣ የእናቷ ዜማ፣ ቀስ ብሎ። ቀጥሎ የሷ እንጉርጉሮ መምጣት ነበረበት። የመጣው ሌላ ድምፅ ነው፤ ሻካራ፣ ዜማውን የሚስት፣ እንደ ዛገ በር ሲጥ ሲጥ የሚል የወንድ ድምፅ። ሲዘፍን ማንም ሰምቶት አያውቅም፤ ለምን እንደሆነም ወዲያው ገባት።

«አንቺ ቁንዶ በርበሬ፣ ዓይን አስለቃሽ፣
ጎማ ቤት ድረስ የሚሰማ ጩኸትሽ፤
ዜማ አልችልም፣ ግጥምም የለኝ፣
ስትቆጪ ደስ ይለኛል፣ ይቅር በይኝ።»

መኪናው ተነሳ። እግራቸው አብሮ ተነሳ።

ልታየው አልቻለችም፤ ዓይኗን ከፔዳሉ ካነሳች ይበተናል። ቀኝ ግራ ቀኝ ግራ። የሱ ጉልበት ሲወርድ የሷ ይነሳል። ንዴቷ ገና አለ፤ ላለመጠየቋ፣ ላለመናገሩ፣ ለዚያ ረጅም ሳቅ፤ ሁሉንም በግራ እግሯ እየረገጠች ትልካለች፣ እሱም በቀኙ እየመለሰ ይልክላታል። ታፋዋ ነደደ። ትንፋሿ አለቀ። ጆሮዋ ውስጥ ያ ክፉ ድምፅ ዜማውን ጨርሶ ጥሎት እየሮጠ ነበር።

«ስድብሽን በሙሉ በቃሌ ይዣለሁ፤
ብትጨምሪበትም ቦታ አስቀርቻለሁ።
በቀኝ እግሬ ብቻ የት እደርሳለሁ?
ግራዬን ሁኚልኝ፣ ቀኙን እኔ አለሁ።»

የመጨረሻዋን ምት እኩል መቱ።

የድራሙ ሳህን ተንቀጥቅጦ ተንቀጥቅጦ ዝም እስኪል ማንም አልተንቀሳቀሰም። ከመስታወቱ ማዶ ወንድሟ የታጠፈ እጁን ፈትቷል።

«ሁለት ሰው መሆኑ ይሰማል» አሉ እትዬ። «አንደኛው እግር ከበድ ይላል።»

«የሷ ነው» አለ ጭምቱ።

«ይሰማ» አለ ወንድሟ በማጉያው። ቆየና ጨመረ። «ያን ቀን የደወልኩት እኔ ነበርኩ፣ ወንድሜ።»

ጭምቱ አንገቱን ነቀነቀ። እትዬ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «መሪ ድምፁስ? እንደ ልማዳችን ልደምስሰው ወይስ ላስቀምጥላችሁ?»

ጭምቱ ወለሉን አየ።

«ይደምስሱት» አለች ቁንዶ። እሱ ቀና አለ። ላብ ዓይኗ ውስጥ ገብቶ ነበር፤ ላብ መሆኑን ትምልልሃለች። «ሰምቼዋለሁ እኮ። ሁለተኛ መስማት ከፈለግኩ በአፍህ ትለኛለህ። ያለ ማዳመጫ።»

«ዜማ አልችልም።»

«እሱንማ ሰማን!» አለ ዋሽንት ነፊው።

ጭምቱ ሳቀ፤ ጮክ ብሎ፣ ጥርሱ እስኪታይ። ቁንዶ የግራ እጁን ያዘች፤ እጁ እርጥብ ነበር፣ የሷም። አልለቀቀችውም። የሆነ ቦታ ስልክ ጮኸ። የሷ ነው። አላነሳችውም።

ሌሎቹ መሣሪያቸውን እየሰበሰቡ ወጡ። ጭምቱ ወንበሩ ላይ ቀርቶ፣ ላስቲኩን ዝቅ አድርጎ እግሩን በሁለት እጁ ያሻል። «ነገ እማማ እንዲሰሙት ላድርግ?» አላት።

«ራሷን ያማታል።»

«ይመማታ።»

ከማይክራፎኑ ሥር ገመዱ ተዘርግቷል፤ ያን ቀን ከእጇ የወደቀው ገመድ፣ ከዚያ ወዲህ ሰው ሁሉ እየረገጠው ተቋጥሯል። ጎንበስ ብላ አነሳችው። ቋጠሮውን በጥፍሯ ፈታች፣ አንዱን ዙር ወደ ውስጥ፣ አንዱን ዙር ወደ ውጭ፣ እስከ ጫፉ ጠቀለለችው። በክር አሰረችውና በሩ አጠገብ ካለው ምስማር ላይ ሰቀለችው።